የእድሩ ጎታች

እንግዴ የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ የገባው በ2071 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከሰማይ በወረደ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነው። ሣጥኑን ለመቀበል የወጡት ሰባት የእድር ሽማግሌዎች ገመድ፣ አለንጋና አንድ ሸክም ድርቆሽ ይዘው ነበር። ለአደራ እንስሳት ጽሕፈት ቤት ያመለከቱት "የለቅሶ ድንኳንና አግዳሚ የምታመላልሰው ጋሪያችን ጎታች አጥታለችና ይታሰብልን" ብለው ስለነበር፣ የሚመጣው በሬ፣ ቢያንስ ቢያንስ በቅሎ ይሆናል ብለው ጠብቀዋል። ሣጥኑ ሲከፈት የሦስት ወር ቡችላ ወጣ። ግራጫና ነጭ ነው፤ እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ አድጓል፤ ጅራቱን እንደ ጥምጥም ጀርባው ላይ ጠቅልሎታል።

የእድሩ ዳኛ አቶ ጎሹ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ደግመው አጎነበሱ። "ሌላው የታለ?"

"ይኸው ነው" አለ የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ክንፈ።

"ጎታቹ?"

"ጎታቹ።"

አቶ ጎሹ ድርቆሹን መሬት ላይ ወረወሩት። ቡችላው ሄደና ተኛበት።

በዚያን ዘመን በሰሜኑ ዓለም በረዶ አልቆ ነበር። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ሲጎትቱ የኖሩት ማላሙት የሚባሉ ትልልቅ ውሾች ሥራም ብርድም አጡ። ጽሕፈት ቤቱ ብርድ የቀረላቸውን ጥቂት አገሮች ሲቆጥር መንዝን አገኘ። መንዞች ሲንቀጠቀጡበት የኖሩት ነገር ሀብት መሆኑን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ሦስት መቶ ውሾች ለደጋው በአደራ ተሰጡ። የአደራው ውል አጭር ነው፦ እንስሳው ይጠበቃል፣ ይመገባል፣ ካደገ በኋላም በዓመት አንድ ጊዜ ሰማንያ ኪሎ ጭኖ መቶ እርምጃ መጎተቱ ይረጋገጣል። ያልጎተተ ይመለሳል። የሚመለሰው ወደ መዲናዋ የበረዶ አዳራሽ ነው። እዚያ ውሾቹ በመስታወት ውስጥ፣ በተሠራ በረዶ ላይ ይተኛሉ፤ ሰው በሙቀት ሲሰለች ሄዶ ያያቸዋል። የተመለሱት ውሾች ሁሉ ደስተኞች መሆናቸውን አንገታቸው ላይ የታሰረው ስሜት ነጋሪ ቀበቶ መስክሯል። መቶ በመቶ።

ውሻውን የሚያሳድግ ሲጠፋ ዕጣው ለክንፈ ወጣ፤ ወጣ ከማለት ሁሉም ወደ እሱ ዞሮ አየ ማለት ይሻላል። ክንፈ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነው። የእድሩን ዕቃ ቤት ይጠብቃል፣ ጥሩምባም ይነፋል። ከመናገር መስማት ይቀናዋል። ዳዊቱን ያጠናው እንኳ አስተማሪ ኖሮት አይደለም፤ በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጦ ሌሎች ሲደግሙ እየሰማ ነው።

ጥሩምባ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። ሰው ሲያርፍ በየሰው ጆሮ ውስጥ ያለችው ስልክ "የእድርዎ አባል አርፈዋል፤ ሐዘንዎን ለመግለጽ አዎ ይበሉ" ትላለች፤ ሰውም ሽሮውን እያማሰለ "አዎ" ይላል፤ በቃ፣ አዘነ። ለቀብር ግን የሚወጣ ጠፋ። አንድ ጊዜ አራት ሰው ብቻ ቆሞ ከተቀበረ በኋላ እድሩ ተሰብስቦ ጥሩምባው እንዲመለስ ወሰነ። ክንፈ መንደሩን እየዞረ ሲነፋ በሩ ሁሉ ይከፈታል። ሰው ለጆሮው ስልክ ይዋሻል እንጂ ለጥሩምባ አይዋሽም።

የክንፈ ሚስት ዘርትሁን ቡችላውን ስታይ "ምን ብለን እንጥራው?" አለች።

"የሰው አደራ ነው፤ እንግዳ ነው።"

"እንግዴ እንበለዋ።"

ከእንግዴ ጋር መመሪያ መጥቷል። መመሪያው ዕድሜውን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ቡችላ፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳ፣ አረጋዊ። "በደረጃ አንድ ያለ እንስሳ ከከፍታ አይዝለል፣ ደረጃ አይውጣ፣ ከልኩ በላይ አይብላ፤ ክብደቱ አጥንቱን እንዳይቀድመው" ይላል። ዘርትሁን ግን ልጅ ባትወልድም የሰው አራስ ስታርስ የኖረች ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን ገንፎ አገንፍታ ቅቤ አፈሰሰችበት።

"ኧረ ተይ፣ መመሪያው..." አለ ክንፈ።

"እግሩን አይተኸዋል? ይኸን እግር ባዶ ሆድ ይሸከመዋል?"

"እንስሳው ከመጠን በላይ ተመግቧል" አለ ቀበቶው፤ በከተማ ሴት ድምፅ፣ ሳይቸኩል።

ዘርትሁን ማማሰያውን እንደያዘች ዞር ዞር አለች። "ማን ነው የተናገረው?"

"አንገቱ ነው።"

"አንገቱ ዝም ይበል። ሆዱ የሚለው ሌላ ነው።"

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሉካንዳ ቤቱ ተዘጋ። የጽሕፈት ቤቱ በራሪ ሣጥን በየቅዳሜው ሥጋ ያወርዳል፤ ዘርትሁን ግን በጾም ሥጋ የነካ ድስት ቤቷ እንዳይገባ ከለከለች። ክንፈ በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በድንኳኑና በአግዳሚዎቹ መካከል፣ አፍንጫውን በነጠላ ጠምጥሞ መቀቀል ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው አቶ ጎሹ ቤት ደረሰ፤ አቶ ጎሹም ለክንፈ የንስሐ አባት ነገሩ። የንስሐ አባቱ መጥተው ከበሩ ቆሙ።

"ልጄ ክንፈ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"የውሻውን ምሳ ነው፣ አባቴ።"

"መንዝ ውስጥ እየኖረ አይጾምም?"

"መመሪያው ከልክሎታል።"

አባ ወደ ቡችላው ተመለከቱ። ቡችላውም ወደ እሳቸው። "እንግዲህ ሕፃንም ቢሆን እስከ ሰባት ዓመቱ አይገደድም" አሉ። "ሰባት ሲሞላው እንነጋገራለን።" ጣታቸውን ቆጥረው ዓመቱን ያዙና ሄዱ።

በዓመቱ እንግዴ አርባ ኪሎ ገባ። ደረጃ ሁለት፣ ጎረምሳነት፣ በመመሪያው አንድ ገጽ ብቻ ነው የተሰጠው፤ ገጹን የጻፈው ሰው ውሻ አሳድጎ እንደማያውቅ ክንፈ ወዲያው ገባው። እንግዴ የአቶ ጎሹን ድንች ማሳ ቆፍሮ የሚተኛበት ጉድጓድ ሠራ። ከአጥር የተሰጣ የቄስ ጥምጥም ወስዶ በክብር መለሰ፤ ግማሹን። እንደ አገሩ ውሻ አይጮኽም፤ "ዉ-ዉ-ዉዉ" እያለ ያወራል፣ ይከራከራል፣ ሲቆጡት መልስ ይመልሳል። ክንፈ ማታ ማታ ጀርባውን እያበጠረ ያዳምጠዋል። ዘርትሁን ምን እያለ እንደሆነ ስትጠይቀው "ገና አልጨረሰም" ይላታል።

መጎተት ግን እምቢ አለ። ማሰሪያውን ሲያደርጉለት ይተኛል። ባዶውን ጋሪ ሲያስነኩት ይተኛል። በሥጋ ሲያባብሉት ሥጋውን በልቶ ይተኛል።

"እኛ ጎታች ብንጠይቅ ተጎታች ላኩልን" አሉ አቶ ጎሹ።

የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ፣ አንድ የእድሩ አባል አረፉ። ክንፈ እንግዴን ለልምምድ ከባዶው ጋሪ ጋር አስሮት ነበር፤ ሳይፈታው ጥሩምባውን ከመስቀያው አንሥቶ ወጣ። ነፋ። "ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ ድረስ!" አለና እንደገና ነፋ።

ከኋላው ሌላ ድምፅ ተነሣ። ረጅም፣ ከታች የጀመረ፣ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚንቀጠቀጥ። ክንፈ ዞረ። እንግዴ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ያዜማል፤ ዜማውን ሲጨርስ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ጋሪውን ነቀለና መጣ። ጥሩምባው በተነፋበት መንገድ ሁሉ ተከተለ። በየበሩ የቆሙ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይኸ ነው" አሉ። ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች "ይኸ አልቃሽ ለሟች ምናቸው ነው?" ብለው ጠየቁ።

"እንስሳው ተደስቷል፤ ዘጠና አንድ በመቶ" አለ ቀበቶው፣ ከሟች ቤት ደጃፍ ላይ። ክንፈ በመዳፉ አፈነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲደርሱ ክንፈ ማሰሪያውን ፈታ፤ ውሻ ከዚያ አያልፍም። አግዳሚዎቹን ሰዎች ተሸከሙ። እንግዴ ከበሩ ማዶ ተኝቶ ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያዘው እዚያው ቦታ ላይ ይቆም ጀመር። ከዚያ ወዲያም ያለ ጥሩምባ ጋሪ ጎትቶ አያውቅም። የቀብሮቹ ምስል ለጽሕፈት ቤቱ ይላካል፤ ጽሕፈት ቤቱም "ጎትቷል" ብሎ ይመልሳል።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጎች በሚሸለቱበት ሰሞን፣ እንግዴ ጸጉሩን መለወጥ ጀመረ። ውስጠኛው ጸጉር በጆንያ የሚታፈስ ነበር። ዘርትሁን ከልጅነቷ ጀምሮ የበግ ሱፍ ስትፈትል የኖረች የመንዝ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ሱፍ ያለ ሥራ ሲወድቅ ማየት አልቻለችም። ክንፈ ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ሲመለስ አስራ ስድስተኛውን በግ ጨርሳ አስራ ሰባተኛው ላይ ነበረች። አስራ ሰባተኛው እንግዴ ነው። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተሸልቶ፣ ራሱና የኋላ እግሮቹ ብቻ እንደ ነበሩ ቀርተው፣ የተላጠ ድንች መስሎ ቆሟል።

"ዘርትሁን! መመሪያው በቀይ የጻፈው አንድ ነገር ቢኖር ይኸን ውሻ እንዳትሸልቱ ነው። ብርዱንም ፀሐዩንም የሚችለው በሁለቱ ጸጉር ነው።"

"እኔ ምን አውቄ! ለበግ ደግ የሆነ ነገር ለሱ ምን ይሆናል ብዬ ነው" አለች፤ መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

"እንስሳው አፍሯል" አለ ቀበቶው።

የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው በቀጣዩ ሳምንት ነው። ሶልያና ትባላለች፤ ከመዲናዋ ሙቀት በስስ ሸሚዝ የመጣች፣ ጥርሷ የሚንገጫገጭ ወጣት። የተመለከተችው እንዲህ ነው፦ አንድ ማላሙት፣ ከወገቡ በላይ በእጅ የተፈተለ ግራጫ የሱፍ ባና ለብሶ፣ ሦስት ቁልፍ ተቆልፎለት፣ ደጃፍ ላይ ተኝቷል።

"ምንድን ነው የለበሰው?"

"የራሱን ነው፣ የኔ ልጅ" አለች ዘርትሁን መሬት መሬት እያየች። "ወስጄበት ነበር፤ መለስኩለት።"

ሶልያና መጻፊያዋን አወጣች። ቅጿን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። "የአለባበስ መስፈርት የሚል ቦታ የለም" አለች በመጨረሻ፣ እየተንቀጠቀጠች። "ስለዚህ አልመዘግበውም። ሌላ... ሌላ ባና አለ?"

ነበረ። ከዚያ በኋላ ዘርትሁን መቀስ አላነሣችም፤ በሱፍ ማበጠሪያ ነው የምታበጥረው። በዓመት ሁለት ጊዜ ከእንግዴ የሚረግፈው ለአንድ ባና ይበቃል።

ጎልማሳነቱ እንዲህ አለፈ። ፀሐይ ሳይበረታ ይራመዳል፤ ጥፍሩ በየሁለት ሳምንቱ ይቆረጣል፤ ከዝናብ በኋላ የእግሩ መዳፍ ይታያል። ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ በመጣው ሁዳዴ የንስሐ አባት ጣታቸውን ቆጥረው መጡ። እንግዴ ግን በዚያው ሰሞን ጠዋት መብላት ትቶ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አይነካም። መመሪያው "ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ሰዓት ሊለወጥ ይችላል" ይላል። ዘርትሁን ሌላ ትላለች። አባ ሁለቱንም ሰምተው "እኔ ምንም አላልኩትም፤ ራሱ ነው" ብለው ሄዱ።

አስር ዓመት አልፎት፣ በጥቅምት፣ ቀበቶው በማለዳ "እንስሳው ደረጃ አራት ገብቷል፤ እንኳን አደረሰዎት" አለ። ክንፈ ቀድሞ ሰምቶት ነበር። እንግዴ ሲነሣ ከኋላ ወገቡ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል።

በዚያው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ሕጉን ለወጠ። ከእንግዲህ የቀብር ምስል አይቀበልም፤ ፈተናው በተያዘ ቀን፣ በተቆጣጣሪ ፊት ይሆናል። የእንግዴ ቀን ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ዐርብ። አንድ ወር ቀርቶታል። መሐል ሜዳ ደግሞ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ አራት ወር ሙሉ ሰው አልሞተባትም።

ያን ሰሞን የዘጠና ስድስት ዓመቷ መነኩሲት እማሆይ ወለተ ጻድቅ ታመሙ። ክንፈ ሊጠይቅ ሄደ። ከደጃፍ ያገኛት ጎረቤት "ዛሬስ ተሻላቸው" አለችው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ክንፈ። ትንሽ ቆይቶ "በእርግጥ ተሻላቸው?" አለ።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጠይቅ ራሱን ሰማ። አርባ ዓመት የሌላውን ሰው ድምፅ ሲያደምጥ የኖረ ሰው፣ በራሱ ድምፅ ውስጥ ያለውን ነገር ሰማ። በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ተናዘዘ። አባ ሳቃቸውን ዋጡና ቀኖና ሰጡት፦ እስከ ኅዳር መጨረሻ በየጠዋቱ ለእማሆይ ውኃ ይቅዳ።

ክንፈ ቀዳ። እንግዴም እያነከሰ አብሮ ይሄዳል፤ ከእማሆይ ደጃፍ ተኝቶ ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን ክንፈ መሸሸግ አልሆነለትም።

"እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንዲሞቱ ተመኝቼ ነበር።"

"ለምን?"

"ለውሻው ነው።" ነገሩን ሁሉ ነገራቸው።

እማሆይ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። "ቀኑ መቼ ነው አልከኝ?"

"ዐርብ፣ አሥራ ሁለት።"

"ዐርብ አይመቸኝም" አሉ።

ዐርብ ማለዳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ሶልያና በእንግዴ ጸጉር የተሠራ ባናዋን ተከናንባ፣ ሰማንያ ኪሎ ጤፍ በአራት ከረጢት ጋሪው ላይ አስጫነች። ሦስት ሙከራ ይፈቀዳል። በመጀመሪያው እንግዴ ተኛ። በሁለተኛው ከረጢቱን አሸተተና ተኛ። ወደ መዲናዋ የሚመልሰው ሣጥን ከሰማይ ወርዶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ከሜዳው ዳር ቀዝቃዛ አየር እያወጣ ይጠብቃል።

"ጋሽ ክንፈ" አለች ሶልያና ቀስ ብላ፣ "በምስሎቹ ላይ የሚነሣው ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ለምን አይነፉለትም? ሕጉ አይከለክልም።"

"ማን ሞተ፣ ልጄ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው አልነፋም።"

ዘርትሁን ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አድርጋ ነበር፤ አነሣችው። "ሃያ ሰባት ዓመት ነፍተሃል! አንዲት ቀን ብትነፋ እግዜር ይቀየምሃል? ሄዶ በመስታወት ውስጥ ሲተኛ ታየዋለህ?"

"እግዜር አይቀየመኝም ይሆናል። ግን ያለ ሞት አንድ ጊዜ ከተነፋ፣ በሁለተኛው ማን በሩን ይከፍታል? አራት ሰው ብቻ ቆሞ ይቀበር?" እጁ የእንግዴ ጆሮ ሥር ነው።

ሶልያና ሰዓቷን አየች። "ሦስተኛው ሙከራ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል።"

ያን ጊዜ ከጎዳናው ታች የመቋሚያ ድምፅ ተሰማ። እማሆይ ወለተ ጻድቅ ናቸው፤ በየሦስት እርምጃው እየቆሙ፣ ለብርዱ እየተቆጡ ይመጣሉ።

"አንተ ልጅ! ለእኔ ንፋ።"

"እማሆይ፣ እርስዎ በሕይወት አሉ።"

"መኖሬን ለእኔ ትነግረኛለህ? ለቀባሪው አረዱት! ዘጠና ስድስት ዓመት ሙሉ የሌላውን ጥሩምባ ሰማሁ። የራሴን የምሰማው መቼ ነው? ሰው ሁሉ የሚነፋለት ጆሮው ከተዘጋ በኋላ ነው። የእኔን ዛሬ ንፋው፤ ስሞት አትንፋ። አንድ ሰው አንድ ጥሩምባ አይደለም ደንቡ? ጎሹ!"

አቶ ጎሹ ከአጥራቸው ላይ ብቅ አሉ። "ደንቡስ... አንድ ሰው አንድ ጥሩምባ ይላል። መቼ እንደሆነ አይልም።"

"እንግዲያው ሐሰት የለበትም። ደግሞም ጤፍ ለምን ይጎትታል? እኔን ይጎትት። አውርዱልኝ ይኸን።"

ሶልያና ግራ ተጋባች። "እማሆይ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?"

"ከነኃጢአቴ?"

ከነኃጢአታቸው አርባ ኪሎ ሆኑ። ሁለት ከረጢት ወርዶ እማሆይ ወጡ፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ክንፈ አማተበ፣ ጥሩምባውን አነሣ፣ ነፋ። "ስማ! ያልሰማህ ስማ!" አለ፤ "እማሆይ ወለተ ጻድቅ..." ብሎ ቀጥሎ የሚለው ጠፋው።

"እያዳመጡ ናቸው በል" አሉ እማሆይ።

"...እያዳመጡ ናቸው!"

በሩ ሁሉ ተከፈተ። እንግዴ ጆሮውን አቆመ። የኋላ እግሩ ቀጭ አለ። ተነሣ። አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቀና፣ ዜማውን እስከ ጫፉ አደረሰ፣ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ጋሪውን ነቀለ። ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ከየአቅጣጫው እየሮጠ ይመጣና፣ የሚያለቅስላቸውን ሰው ጋሪ ላይ ተቀምጠው ሲያይ በድንጋጤ ይቆማል።

"አልቅሱ እንጂ!" ይላሉ እማሆይ። "አንቺ፣ ያ ለእኔ ነው ወይስ ለጉንፋንሽ? ጎሹ! ደረቅ ዐይንህን አየሁት!"

ሶልያና ከጎን እየሄደች ትቆጥራለች። ሰባ። ሰማንያ፤ እንግዴ አነከሰ፣ አልቆመም። ክንፈ ከፊቱ ወደ ኋላ እየሄደ የወገቡን ድምፅ በእያንዳንዱ እርምጃ ይሰማል። መቶ። "በቃ! አልፏል!" ብላ ጮኸች። እንግዴ ግን ፈተና መሆኑን የነገረው የለም፤ እስከ ቅጥሩ በር ድረስ ወሰዳቸው፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ቆመ፣ ተኛ።

"እንስሳው አዝኗል" አለ ቀበቶው። "እንስሳው ተደስቷል። ስሕተት ተፈጥሯል።"

ሣጥኑ ባዶውን ተመለሰ። የእድሩ መዝገብ ላይም "የእማሆይ ወለተ ጻድቅ ጥሩምባ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ተነፍቷል" ተብሎ ተጻፈ።

እማሆይ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የእንግዴ ፈተና ከቀብር ቀን ጋር ገጠመለት፤ ጭነቱ እየቀነሰ፣ ሶልያናም ከረጢቶቹን ሳትመዝን እያለፈች። በሦስተኛው ዓመት ዐይኑ ደመና ለበሰ፤ ወገቡ ተያዘ። ዘርትሁን ገንፎውን አቅጥና በእጇ ታበላዋለች፤ ቀበቶውም ከእንግዲህ "ከመጠን በላይ ተመግቧል" አይልም። የሚተኛው በራሱ ጸጉር በተሠራ ባና ላይ ነው።

ሶልያና ለፈተናው በመጣችበት ማለዳ እማሆይ ወለተ ጻድቅ አረፉ። በየጆሮው ያለችው ስልክ ነገረች፤ ሰውም በየቤቱ "አዎ" አለ፤ አንድም በር አልተከፈተም። ክንፈ ከዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቃል ቃል ነው። ሶልያናም ቅጿን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

እንግዴ አንድ ሳምንት ሙሉ አልተነሣም ነበር። ያን ጊዜም አልተነሣም። የክንፈን ዝምታ ብዙ አዳመጠ። ከዚያ እዚያው በተኛበት ራሱን ቀና አደረገና፣ ማንም ሳይነፋ፣ ከታች ጀምሮ አዜመ። ድምፁ እንደ ድሮው ረጅም አልነበረም፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ተንቀጠቀጠ። ደገመ። ሠለሰ።

መጀመሪያ የአቶ ጎሹ በር ተከፈተ። ቀጥሎ ማዶው። ነጠላ እያዘቀዘቀ መንደሩ ወጣ።

የጋሪውን ማሰሪያ ክንፈ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው። ሲጎትት ከኋላው ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ሰማ፤ ዞሮ አላየም። እንግዴ ተነሥቶ ከጎኑ ይሄዳል፤ ምንም ሳይጎትት፣ ጅራቱን ጠቅልሎ። ከቅጥሩ በር ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

"እንስሳው አልጎተተም" አለ ቀበቶው።

ሶልያና ባናዋን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ወደ ደጀ ሰላሙ የሚገባውን ሕዝብ እስከ መጨረሻው ሰው አየችው። ከዚያ ጻፈች፦

"ጎትቷል። ጭነት፦ መሐል ሜዳ በሙሉ።"